ጨዋታ አዘል ልብ ወለድና የወጣት አንባቢዎች አቀባበል በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር

መግቢያ

አንድ መጽሐፍ በብዙ ሰዎች እጅ በገባ ጊዜ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አቀባበል አያገኝም። ይህ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ ማስረጃ መደርደር አያሻውም። ነገር ግን መጽሐፉ ጨዋታ አዘል ልብ ወለድ ሲሆን የአንባቢዎቹ ልዩነት ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ እጅግ ይሰፋል። ጨዋታ አዘል ልብ ወለድ ማለታችን በዓለም ሊሆን የማይችለውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ፣ እያዋዛና እያሳቀ የሚያወራውን የጽሑፍ ዓይነት ነው። በማኅፀን ያለ ጽንስ ከእናቱ ጋር ሲሟገት፣ ጅብ ዳኛ ሆኖ በአህያ ነገር ሲፈርድ፣ ወይም ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ላገር ስትዞር ማንም ሳይነቃባት ሲቀር፣ አንዱ ወጣት አንባቢ ይስቃል፤ ሁለተኛው «ይህማ ውሸት ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሦስተኛው «ከሥሩ የተደበቀው ምንድን ነው?» ብሎ ይመረምራል፤ አራተኛው ደግሞ «ለፈተና ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የልዩነቱን ምክንያት ማስረዳት ነው። ቦታውንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሁለቱ ከተሞች ግራና ቀኝ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ወስነነዋል። በዚህ አገር የምድጃ ዳር ተረት፣ የቤተ ክህነት ንባብ፣ የቅኔ ትምህርትና የዘመናዊው ትምህርት ቤት መጽሐፍ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ወጣት ራስ ውስጥ፣ ተገናኝተው ይኖራሉ። ከዚህም በላይ በዚህ የጽሑፍ ዓይነት ስማቸው የሚነሣ ሦስት ደራስያን የጎጃም ተወላጆች ናቸው።

ልዩነቱ ከአንባቢው አእምሮ ብርታት ወይም ድካም የሚመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ «ይህ ልጅ ምናብ አለው፣ ያኛው የለውም» ሲባል ይሰማል። እኛ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው እንላለን። እያንዳንዱ አንባቢ ወደ መጽሐፉ የሚቀርበው አስቀድሞ በለመደው ውል ነው። ውሉም ተናጋሪውና ሰሚው፣ ጸሐፊውና አንባቢው፣ ስለሚነገረው ነገር እውነትነት በመካከላቸው ያላቸው ስምምነት ነው። አቀባበሉ የሚለያየው ውሉ ስለሚለያይ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

1. ስለ ሦስቱ መጻሕፍት

የመጀመሪያው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ ተወልደው በኢጣልያ አገር ሥዕል ተምረዋል፤ ኋላም በናፖሊ አማርኛ አስተምረዋል። በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ነበረው፤ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ግን በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቈጠራል። ጦቢያ መንታ ወንድሟን ዋህድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች፤ የሚያያት ሁሉ ወንድ ትመስለዋለች፤ አንዲት የቤተ መንግሥት ልጃገረድም ትወዳታለች። ድንገተኛ መገናኘት በድንገተኛ መገናኘት ላይ እየተደረበ ታሪኩ በሠርግ ይጠናቀቃል።

ሁለተኛው «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ነው፤ የታተመውም በ1948 ዓ.ም. ነው። ክቡር ሐዲስ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት አስቀድመው የተረትን ወግ ወደ ማተሚያ ቤት ወስደው ነበር።

ሦስተኛው የአቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። አቶ አቤ የአቸፈር ተወላጅ ሲሆኑ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ በማኅፀን ሆኖ ወደዚህ ዓለም መምጣትን እምቢ ያለ ጽንስ ከእናቱ ጋር የሚያደርገውን ክርክር ይዞ ይነሣል። መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ስለ እገዳው ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስቱም መጻሕፍት «ለወጣቶች» ተብለው በተለየ መደብ የተጻፉ አይደሉም። በአገራችን የወጣቶች መጽሐፍ የሚባል የተለየ መደርደሪያ ብዙም የተለመደ ስላልነበረ፣ ከዐሥራ ሦስት እስከ ሃያ ዓመት ያለ አንባቢ አዋቂ የሚያነበውን ተውሶ ሲያነብ ኖሯል።

2. የምድጃ ዳር ውል

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ልጅ ከመጽሐፍ በፊት የሚያገኘው ተረትን ነው። ማታ ከብት ከገባ በኋላ፣ እናት ወይም አያት እሳት ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ወይም «የመሠረት» ብለው ይመልሳሉ። ተረቱ ሲያልቅም ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። የክቡር ሐዲስ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወግ ነው።

እነዚህ ቃላት ለጌጥ ብቻ የገቡ አይምሰሉን። የመጀመሪያው ቃል በር ይከፍታል፤ የመጨረሻው በር ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ አንበሳን ብታታልል፣ የሚቃወም የለም። ልጁ «የላም በረት» ሲል «የምትነግረኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀጥል» ማለቱ ነው። ስለዚህ ተራኪው አይዋሽም፤ ሰሚውም አይታለልም። ተረት በቀን አይነገርም የሚባለውም ልማድ ይህንኑ ድንበር ያጸናዋል፤ ቀኑ የሥራ ነው፣ ማታው የጨዋታ።

የውሉን ጥንካሬ ለማየት የአገሩን ኑሮ ማሰብ ይበቃል። በቡሬና በማንኩሳ ዙሪያ በቆሎ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ጦጣና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ቀን ወንጭፍ ይዞ ጦጣ ሲያባርር የዋለው ልጅ ማታ የ«እሜት ጦጢት»ን ብልኀት ሰምቶ በሳቅ ይፈርሳል። ሌሊት ደግሞ ጅብ በቤቱ ዙሪያ ይጮኻል፤ ልጁ ግን ያንኑ ጅብ በተረት ውስጥ «አያ ጅቦ» እያለ፣ ለታላቅ ወንድም በሚሰጥ አክብሮት እየጠራ፣ በሞኝነቱ ይስቅበታል። እውነተኛውን ጅብ መፍራቱን አልተወም፤ የተረቱን ጅብ ከእውነተኛው ለይቶ ያውቀዋልና።

የእንቆቅልሽ ጨዋታም እንዲሁ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ያጣም እንደሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል። የፍኖተ ሰላም ልጅ ቡሬን ከነገበያዋ ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛውም ቡሬን አልፈልግም ብሎ ጎንደርን ይጠይቃል። ሁለት ልጆች በደጃፍ ተቀምጠው ከተሞችን ሲቀባበሉ «ይህ ያንተ አይደለም» ብሎ የሚከራከር የለም።

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ አንባቢ ጥርጣሬውን በገዛ ፈቃዱ ለጊዜው እንደሚያቆም ጽፎአል። ቶልኪን የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 በሰጠው ትምህርት፣ ጥሩ ተረት የሚሰማ ሰው ጥርጣሬውን እየታገለ እንደማይቀመጥና ወደ ሁለተኛ ዓለም ፈጽሞ እንደሚገባ ተከራክሯል። የጎጃም ልጅ ከሁለቱም የሚለየው ፈቃዱን ድምፅ አውጥቶ በመስጠቱ ነው። ስምምነቱ በልብ የሚታሰብ ብቻ ሳይሆን በአፍ የሚነገር ነው።

እንግዲህ በዚህ ውል ያደገ ወጣት «አልወለድም»ን ሲከፍት የጽንሱ መናገር አያስደንቀውም። ጦጣ የምትናገርበት ዓለም ለእርሱ አዲስ አይደለምና። የሚጠይቀው «ታዲያስ? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ ነው።

3. የተጻፈ ነገር ክብር

ነገር ግን ያው ወጣት ሌላ ውልም ተምሯል። በገጠሩ ደብር ፊደል የቈጠረ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ፣ መጽሐፍ ማለት የሚከበርና የሚታመን ነገር እንደ ሆነ ያውቃል። መጽሐፍ በማኅደር ይቀመጣል፤ በሁለት እጅ ይያዛል፤ የሚነበበውም ቆመው ይሰሙታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌያዊ ንግግር ይህንኑ ያሳያል። የተጻፈ ነገር ርስት ነው፤ በርስት ደግሞ አይቀለድም።

በዚህ ውል የሚመጣ አንባቢ «ጦቢያ»ን ሲያነብ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ የተደረገው በየትኛው ንጉሥ ዘመን ነው? አገሩ ወዴት ነው? መልስ ሲያጣ «ውሸት ነው» ይላል። ይህን ሰው ጨዋታ የማያውቅ ግትር አድርገን ብንገምተው እንበድለዋለን። እርሱ ማታ በተረት ከሁሉ አብልጦ የሚስቅ ሊሆን ይችላል። የከፋው በጦቢያ ሥራ ሳይሆን የምድጃ ዳር ነገር በመጽሐፍ ቦታ ተቀምጦ በማየቱ ነው።

በመጽሐፉ የመጀመሪያ ስም ላይ ቆም ብለን ብናስብ ችግሩን ደራሲው ራሳቸው የተረዱት ይመስላል። «ታሪክ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሆነውን ነገር ያመለክታል፤ «ልብ ወለድ» ግን ልብ የወለደው፣ ከሐሳብ የተገኘ ማለት ነው። ሁለቱ ጐን ለጐን ሲቆሙ ለአንባቢው አዲስ ውል ያቀርባሉ፤ «እንደ ታሪክ አንብበው፣ ነገር ግን ልብ የወለደው መሆኑን እወቅ» እንደ ማለት ነው። ተረት በ«የላም በረት» የሚያደርገውን የመጽሐፉ ስም በሁለት ቃል ሊያደርገው ሞክሯል። ሆኖም በተረቱ ሰሚው አፍ አውጥቶ ይመልሳል፤ በመጽሐፉ ግን አንባቢው ዝም ብሎ ገጹን ይገልጣል። መስማማቱንም አለመስማማቱንም የሚያውቅለት የለም።

በዚህ አካባቢ ሌላ ምሳሌ አለ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ በመንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናት። ያ መጽሐፍ እንደ ሦስቱ ጨዋታ አዘል ባይሆንም ለነገራችን ይጠቅማል። በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ብዙዎችም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በእውነት የኖሩ ሰዎች አድርገው ያወሯቸዋል። ለማንኩሳ አካባቢ አንባቢ ደግሞ መንደሩ፣ ገበያው፣ የበርበሬው ማሳ ሁሉ ዐይኑ ያየው ነው። የሚያውቀው የቦታ ስም የማያውቃቸውን ሰዎች እውነት ያደርጋቸዋል። «ጦቢያ» ይህ ድጋፍ የላትም፤ የምትዞርበት አገር በካርታ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ አንባቢ ለበዛብህ አልቅሶ በጦቢያ ላይ «ውሸት» ቢል፣ ከራሱ ጋር የሚጋጭ ሊመስለን አይገባም።

በ«ጦቢያ» ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት መጥቀስ ግዴታ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያ ወገን ቆመው ነበር። ጎጃም በአርበኞቹ የሚኰራ አገር እንደ መሆኑ፣ ይህን የሰማ አንባቢ መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ልቡን ይዘጋል። በተረት ይህ አይደርስም፤ ተረት ደራሲው የማይታወቅ ነውና የሚጠላለት ሰው የለም።

4. ወርቅ ፈላጊው አንባቢ

ሦስተኛው ውል የቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው በመላው አገር የተጠራ የጎጃም የቅኔ ቦታዎች ናቸው። የቅኔ ተማሪ የሚሰለጥነው በላይ የሚታየውን ሰም አልፎ ወርቁን እንዲያወጣ ነው። ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው እንኳ በዚህ አገር ሲያድግ ይህን ልማድ በንግግር ይማረዋል፤ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሽምግልናም ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ይሰማልና።

በዚህ ልማድ ያደገ ወጣት «አልወለድም»ን ሲያነብ የጽንሱ መናገር ሰም ነው ይላል። ወርቁ ምንድን ነው? መወለድ የማያስመኝ ዓለም የትኛው ዓለም ነው? ማን ገዝቶት ነው እንዲህ የሆነው? በዚህ አኳኋን የማይሆነው ነገር ሁሉ የሚሆነውን ነገር ለመናገር የተመረጠ ልብስ ይሆናል። አቶ አቤ ራሳቸው የቅኔ ተማሪ ስለ ነበሩ እንዲህ ያለውን አንባቢ አስበው ጽፈዋል ብንል ከእውነት አንርቅም።

የ1955ቱን እገዳ በዚህ ዐይን መመልከት ይጠቅማል። መጽሐፉን ያገደው ባለሥልጣን «ጽንስ አይናገርም፣ ይህ ቧልት ነው» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ እገዳ ባላስፈለገም ነበር። ያገደው ወርቁን ስላገኘ ነው። ከሁሉ ይልቅ ተጠንቅቆ ያነበበውና መጽሐፉን ከገበያ ያስወጣው አንድ ዓይነት አንባቢ ሆነው ተገኙ። ጨዋታ ደራሲውን የሚሸፍነው አንባቢው በጨዋታው ውል እስከ ጸና ድረስ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቅኔ ፈቺ በሆነበት አገር ግን ሽፋኑ ስስ ነው።

ይህ ውል ጉድለትም አለው። ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሰሙን ሳያየው ያቀልጠዋል። የእሜት ጦጢትን ተረት ሰምቶ ወዲያው «ጦጢት ድኻው ናት፣ አያ ጅቦ ባላገሩን የሚበላ ሹም ነው» ብሎ የሚፈታ አንባቢ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳቁ አምልጦታል። አንዳንድ ተረት ደግሞ ከሳቁ በቀር ሌላ ወርቅ የለውም። የማይገኘውን ሲፈልግ የሚውል አንባቢ በመጨረሻ መጽሐፉን «ባዶ» ይለዋል።

5. ከገጠር ወደ ከተማ የመጣው ተማሪ

አራተኛው አንባቢ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር በከተማ ቤት ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ተሸክሞ ይመለሳል። የቤተሰቡ ተስፋ በእርሱ ላይ ነው። እርሱ ሲማር ከብቱን የሚጠብቅ፣ በቆሎውን የሚኰተኵት ሌላ ሰው መኖሩን አይዘነጋም። እንዲህ ያለው ወጣት ማታ መብራት አብርቶ የማይሆን ነገር የሚያወራ መጽሐፍ ሲያነብ በራሱ ላይ ይፈርዳል። «ይህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከስንፍና ሳይሆን ከዕዳ የሚመጣ ነው።

ዕድሜም ይጨመርበታል። በትምህርት ቤት ተረት የሚገኘው በአብዛኛው በታችኛው ክፍል መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከፍ ሲል ተረትን ጠባብ እንደ ሆነበት ልብስ ትቶ መሄድ እንዳለበት ያምናል። በስምንት ዓመቱ በአያ ጅቦ የሳቀው ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቱ መሳቁን ያፍርበታል፤ በተለይም ከከተማ ልጆች ፊት «ባላገር» እንዳይባል ይጠነቀቃል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንኑ ተረት በሥነ ቃል ትምህርት ሲያገኘው፣ በእናቱ ቤት የተወውን በማስታወሻ ደብተር እየገለበጠ ይማረዋል። ከእኛ መካከል ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። እንግዲህ የአቀባበል ልዩነት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንዱ ሰው ዕድሜ ውስጥም ይገኛል።

አሜሪካዊቷ ምሁር ሉዊዝ ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው መጽሐፍ የንባብ ትርጉም በወረቀቱ ላይ ተጠናቅቆ የተቀመጠ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ እንደሚፈጠር አስተምራለች። አንባቢውም የሚመጣው ኑሮውን ይዞ ነው። ይህ አባባል ስንቁን ተሸክሞ ለሚመጣው የገጠር ተማሪ በሚገባ ይስማማል።

በከተማ ያደገው ልጅ ደግሞ ተረትን ያገኘው ከአያቱ ይልቅ ከቴሌቪዥን ይሆናል። ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ያወሩት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በመስታወት ጀርባ ሆነው እንኳ ልጆችን «ልጆች» እያሉ ሲያነጋግሩ ኖረዋል። ሰሚው መልስ ቢሰጥ እንደማይሰሙት እያወቁ የመልሱን ወግ ጠበቁ። ውሉ ያለ እሳትና ያለ አያት ሊቆይ እንደሚችል የእርሳቸው ሥራ ምስክር ነው።

6. ውል ሲጠፋ

እስካሁን ያነሣነው ልዩነት ማንንም የማይጐዳ፣ የጣዕም ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ውሉ ጨርሶ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን መመልከት ያስፈልጋል።

በተረት ጅብ ሰው ሆኖ ይናገራል። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ገጠር ደግሞ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ወሬ ኖሯል፤ ይህም የቡዳ ነገር ነው። በወሬው የሚጠቈሙት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ናቸው። የሁለቱ ነገር ሐሳብ አንድ ነው፤ ጅብና ሰው ቦታ ይለዋወጣሉ። ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። የተረቱ ጅብ «ተረት ተረት» ተብሎ ገብቶ «አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይወጣል። የቡዳው ወሬ ግን መግቢያም መውጫም የለውም። «እገሌ ዐይቷል» ተብሎ ይጀመራል፤ ልጅ በታመመ ጊዜ ጣት ወደ ጎረቤት ይቀሰራል። የሁሉን ማረሻ የሚሠራው፣ የሁሉን ጀበና የምትሠራው ሰው ከጋብቻና ከማዕድ ተለይቶ እንዲኖር ያደረገው እንዲህ ያለው ውል የሌለው ፈጠራ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጉዳቱ የሚመጣው ነገሩ እንግዳ በመሆኑ እንዳልሆነ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እንግዳው ነገር በምን ስምምነት እንደ ተነገረ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። «ወጣቶች የማይሆን ነገር ማንበብ የለባቸውም፣ እውነትና ውሸት ይምታታባቸዋል» የሚሉ ወላጆችና መምህራን ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱን ግን የገለበጡት ይመስለናል። በጨዋታ ውል ብዙ ጊዜ የገባና የወጣ ልጅ፣ ያለ ውል የመጣበትን ነገር ለመለየት የተሻለ ዕድል አለው። «ይህ የተነገረኝ እንደ ተረት ነው ወይስ እንደ ምስክርነት?» ብሎ መጠየቅን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለምዷልና።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በገጠሩም በከተማውም ይበልጥ ያስፈልጋል። ወሬ በእጅ ስልክ በቅጽበት ይደርሳል፤ ማን እንደ ተናገረው፣ ለጨዋታ ይሁን ለክስ፣ የሚያስታውቅ ምልክት አይከተለውም። ከዚህም ሌላ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ በኋላ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። መጽሐፍና መምህር በራቁበት ቤት የቀረው አስተማሪ የምድጃው ዳር ተረት ነው። እርሱን እንደ ሕፃን ነገር አቃልሎ ማየት የቀረውን አንድ መብራት ማጥፋት ይሆናል።

7. ማጠቃለያና አሳብ

ከላይ እንደ ተመለከትነው አራት ዓይነት አንባቢዎች አሉ፤ በምድጃ ዳር ውል የሚያነብ፣ በተጻፈ ነገር ክብር የሚያነብ፣ ወርቅ ፍለጋ የሚያነብና በፈተና ሚዛን የሚያነብ። አራቱም በአንድ ክፍል ሊገኙ ይችላሉ፤ አራቱም በአንድ ተማሪ ሊገኙ ይችላሉ። ማንኛቸውም ሞኝ አይደሉም። እያንዳንዱ በተማረው ውል መሠረት ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልስ የሚያጣው መጽሐፉ በሌላ ውል ስለ ተጻፈ ነው።

ስለዚህ አማርኛ ለሚያስተምሩ መምህራንና ወደ ፊት ለማስተማር ለምንሰለጥነው ተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጨዋታ አዘል ጽሑፍ በክፍል ከመነበቡ በፊት ውሉ በግልጽ ይነገር። መምህሩ «ተረት ተረት» ብሎ ቢጀምር ከክብሩ አይጐድልበትም፤ ተማሪዎቹም ሲመልሱለት አንባቢዎቹ ሁሉ በአንድ በር ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ ሳቁ ከፍቺው ይቅደም። የ«አልወለድም»ን ጽንስ መጀመሪያ እንደ ጽንስ እንስማው፤ ግትርነቱን፣ ንግግሩን፣ የእናቱን ጭንቀት እንመልከት። ወርቁ የትም አይሄድም። ሰሙን በሚገባ ያየ ሰው ወርቁንም አጥርቶ ያወጣል፤ ይህንንም የቅኔ መምህራን ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር።

ሦስተኛ፣ «ውሸት ነው» ብሎ መጽሐፉን የዘጋውን ተማሪ አንገሥጸው። ምን ዓይነት እውነት ጠብቆ እንደ ነበረ እንጠይቀው። «ጦቢያ» የሚሆን ነገር አይደለም ካለ፣ አያ ጅቦስ የሚሆን ነገር ነበር ወይ? በአንዱ ስቆ በሌላው የተቈጣው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ተማሪ የሥነ ጽሑፍን ትምህርት ከነመሠረቱ ጀምሯል፤ ከመጽሐፍ ውጭ የሚመጣበትንም ወሬ በዚያው ሚዛን መመዘን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ላይ የተወሰነ ቢሆንም፣ ነገሩ በሌላውም ክፍለ አገር ቢመረመር የሚጠቅም ይመስለናል። በየወገኑ ያሉ ባልንጀሮቻችን በየትውልድ አገራቸው ተረቱ በምን ቃል እንደሚከፈትና በምን ቃል እንደሚዘጋ፣ ሰሚውም ምን ብሎ እንደሚመልስ ጽፈው ለዚህ መጽሔት ቢልኩ፣ አንዱን ከሌላው በማስተያየት የአንባቢዎቻችንን ጠባይ ከዚህ ይልቅ አስፍቶ ለማስረዳት ይቻላል።